ሚጢ፣ ስለዚያ ቪዲዮ ኮል

ሚጢዬ፣

እንዴት ከረምሽ እንዳልልሽ አምስት ክረምት አልፏል። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አውቃለሁ፣ ይቅር በይኝ፣ በቃ። የልጅሽን የክርስትና ፎቶ አይቻለሁ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ ብዬ ጽፌ ጽፌ ሦስቴ አጥፍቼዋለሁ። ጉንጩ ያንቺ ነው፣ ግንባሩ ግን ቁርጥ የእማማ! ይቺን ብቻ ብልክልሽ ምን ነበረበት።

በይ አሁን እንዳትዘጊው። አንቺን ሳውቅሽ ረጅም ነገር ከመጨረሻው ነው የምትጀምሪው፣ ቲያትር ቤት እንኳን መጨረሻውን ካልነገራችሁኝ አልገባም ያልሽ ሰው ነሽ። ዛሬን ብቻ ስለኔ ብለሽ ከላይ ጀምሪ፣ እዚያ ለመድረስ ትንሽ መዞር አለብኝ።

ሥራ ላይ ነኝ። የራሴ ሥራ፣ የግሩፕ ፒስ፣ 9 ዳንሰኛ፣ 40 ደቂቃ የሚሆን። ስለ ወረርሽኝ ነው። አሁን ኮሮናን ማን ያስታውሰዋል ልትይ ነው፣ እዚህም ያዋየሁት ሰው ሁሉ የሚለኝ እሱን ነው፣ ከዚያ ወዲህ ጦርነቱ አለ ኑሮው አለ፣ ስንቱ በላዩ ላይ ተደራረበበት። እኔ ደግሞ እሱ ነው የከነከነኝ፣ በወጉ ሳይለቀስ ነው ያለፈው።

የጀመረኝ ኅዳር ሲታጠን ነው። አምና ኅዳር 12 ማታ ከልምምድ ስመለስ ሰፈሩ በሙሉ ጭስ፣ ታውቂው የለ፣ የየቤቱ ቆሻሻ ተጠርጎ ደጅ ላይ ይነዳል፣ ልጆቹ ይዘሉበታል፣ ትልልቁ ሰው ዓይኑን እያሸ ይስቃል፣ እና አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን በአፍንጫቸው ላይ ይዘው በራቸው ላይ ቆመዋል። ማስክ መሰለኝ። ቆሜ ቀረሁ። እኛ በዚያ ጭስ ስንጫወት ስናድግ የ1911ዱ የኅዳር በሽታ ማስታወሻ መሆኑን ማን ነገረን? ያ ዓለምን የዞረው ኢንፍሉዌንዛ እኮ ነው፣ አዲስ አበባ ላይ ብቻ ወደ 10,000 ሰው እንደጨረሰ ይገመታል፣ ያኔ ከተማዋ ስንት ሰው ነበራትና! ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ነው የተረፉት። ቀባሪ ጠፍቶ ሬሳ ለጅብ የቀረበት ጊዜ ነው። ሰዉ ነጭ ሽንኩርት ይበላል፣ በባሕር ዛፍ ቅጠል ይታጠናል። እሱን ሳነብ መጋቢት 2012 ትዝ አለኝ፣ የመጀመሪያው በሽተኛ ተገኘ በተባለ ሰሞን ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ዋጋው እንዴት እንደተሰቀለ፣ እማማ ደግሞ ለጎረቤቱ ሁሉ ዝንጅብል ሲያከፋፍሉ። መቶ ዓመት አልፎም እጃችን የሄደው እዚያው ላይ ነው።

የመጀመሪያው ክፍል ጭሱ ነው። ሙዚቃ የለውም፣ እስትንፋስ ብቻ። እስክስታ ስትመቺ "እስስ" የምትይው ነገር አለ አይደል፣ ትከሻውን የሚያነሳው እሱ ነው። ድምፁን አውጡ፣ ትከሻችሁ ግን እንዳይነቃነቅ አልኳቸው። እንዴት እንደሚከብድ ሞክሪው! ዘጠኙም ቆመው ይተነፍሳሉ፣ ትከሻቸው ልሂድ ልሂድ እያለ ይንቀጠቀጣል፣ አንገታቸው ይገተራል። በሁለተኛው ሳምንት አንዱን ልጅ መሀል ላይ እውነተኛ ሳል ያዘው፣ ሌሎቹ ስምንቱ ሳያስቡት አንዳንድ እርምጃ ወደኋላ አሉ። ማንም አላዘዛቸውም። ከዚያ እርስ በርሳቸው ተያዩና ቤቱ ጸጥ አለ። እንዳለ አስገባሁት፣ አንድ ቆጠራ አልጨመርኩበትም።

ሁለተኛው ክፍል በሕግ ነው የሚሄደው። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከ4 ሰው በላይ አትሰብሰቡ ይል አልነበር፣ መብራቱ ውስጥ ከ4 ሰው በላይ መግባት አይቻልም፣ አምስተኛ ሰው ከመጣ አንዱ መውጣት አለበት፣ ማን ይውጣ የሚለውን በዓይን ብቻ ነው የሚጨርሱት። ደግሞ ሁለት የአዋቂ እርምጃ። እኔና አንቺ የአዱኛ ዳንስ ቡድንን ልጆች አይተን አብደን የተማርነው ነገር ሁሉ ክብደትሽን ለሰው መስጠት ነው፣ ሊፍቱ፣ ኮንታክቱ፣ ጀርባ ለጀርባው። አሁን አንዷ ትዘላለች፣ ያኛው ሁለት እርምጃ ርቆ እጁን ይዘረጋል፣ እሷ መሬት ትወድቃለች። ደግመው ደጋግመው። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ጉልበታቸው በልዟል፣ ከየቤታቸው ፍራሽ እያመጡ ነው የምንለማመደው።

ታናሽዋ ልጅ ያኔ 13 ዓመቷ ነበር። ኮሮና ምን ያስታውስሻል ስላት "ትምህርት ቤት ተዘግቶ ደስ ብሎኝ ነበር" አለች። አባቱን በዚያ ዓመት የቀበረው ልጅ ተነስቶ ወጣ። ተከትዬው ወጣሁ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጦ "እሷ ምን አጠፋች" ይላል ግን ያለቅሳል። በማግስቱ እሷ ሰምታ ዓይኗ አብጦ መጣች። ሁለቱን ዱዌት አድርጌያቸዋለሁ፣ እሷ በገመድ ትዘላለች፣ እሱ ያንኑ ገመድ እየጠቀለለ ይሰበስበዋል። ካየሁት ሁሉ የምወደው እሱን ነው።

ሌላ ምን ልንገርሽ። ጣሪያው ያፈሳል። የድሮው ስፒከር እስካሁን ይሠራል፣ ያ አንቺ በእርግጫ የምታስነሺው፣ እኔም በእርግጫ ነው የማስነሳው።

ሦስተኛው ክፍል ለቅሶ ነው።

እዚህ ጋ ነው እንግዲህ። ከትናንት ወዲያ ጀምሬ እዚህ ስደርስ ላፕቶፑን እየዘጋሁ ተነስቻለሁ።

ነሐሴ 2012፣ የእማማ ቀብር። ስልኩን ይዤልሽ የነበርኩት እኔ ነኝ። ኮሮናው ይሁን ስኳሩ እስከዛሬ አልለየንም፣ ሕጉ ግን ለሁሉም አንድ ነበር። ድንኳን የለ፣ ንፍሮ የለ፣ እድርተኛው ተራርቆ ቆሟል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አንዷ ወደ አንዷ ልሂድ ትልና ትቆማለች፣ እጇ አየር ላይ ይቀራል። አንቺ ወረቀትሽ ገና ስለነበር ከአሜሪካ መውጣት አትችዪም፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እዚያች ጠባብ ኩሽና ውስጥ ስልኩን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፈሽ ቆመሻል። አፈሩ መውረድ ሲጀምር ደረትሽን መምታት ጀመርሽ። ብቻሽን። እኛ እኮ ደረት የምንመታው የሚይዘን እንዳለ አውቀን ነው ሚጢ፣ አንዷ ክንድሽን ትይዛለች፣ አንዷ ወገብሽን፣ "ተይ በቃሽ" የሚል አለ። አንቺን በቃሽ የሚልሽ አልነበረም፣ እጅሽ የት ላይ እንደሚያቆም አላወቀም። አንዴ ማቀዝቀዣውን መታሽው፣ ተመልሰሽ ደረትሽን።

ከዚያ ተቋረጠ። ማታ ስደውልልሽ "ኔትወርክ ነው" አልኩሽ።

ኔትወርክ አልነበረም። እኔ ነኝ የዘጋሁት። ላይሽ አልቻልኩም። መልሰሽ ስትደውዪ፣ ስምሽ እየበራ፣ ስልኩን ኪሴ ከተትኩት። የመጨረሻውን ጸሎት አልሰማሽም፣ አበባ ሲቀመጥ አላየሽም፣ በኔ ምክንያት ነው። ደግሞ አንቺ "አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር" ብለሽ አመሰገንሽኝ። ከዚያ በኋላ ስምሽ ስልኬ ላይ በመጣ ቁጥር ያቺ ምስጋና ነው የምትመጣብኝ፣ አንድ ቀን አላነሳሁም፣ ሳምንት ሆነ፣ ዓመት ሆነ።

ይኸው ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ግን አላለቀም። ያ የኩሽናው ነገር ፒሱ ውስጥ ገብቷል። ሳልጠይቅሽ ነው ያስገባሁት። ስምሽ የለም፣ ኩሽና የለም፣ አንዲት ልጅ ብቻዋን መብራት ውስጥ ቆማ ደረቷን ትመታለች፣ የእጇን መንገድ ግን ሳላውቀው ያንቺን አስተምሬያታለሁ፣ ማቀዝቀዣው ጋ የሄደችውን እጅ ሳይቀር። ለልጆቹ የማን እንደሆነ አልነገርኳቸውም።

መጀመሪያ የሞከርነው ቀን ምን ሆነ መሰለሽ፣ ጥግ ላይ ቆመው ተራቸውን ይጠብቁ የነበሩት ሁለት ልጆች ሮጠው ገብተው ያዟት። አንዷ በክንዷ፣ አንዱ በወገቧ፣ ልክ እንደ እኛ ሰፈር ሴቶች። እኔ ጮህኩባቸው፣ ሕጉን አፈረሳችሁ፣ ሁለት እርምጃ ብዬ ነበር ምናምን። ደንግጠው ለቀቋት። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው የገባኝ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ዘጋሁብሽ።

ኅዳር 12 ማታ 12 ሰዓት ላይ ነው የምናሳየው፣ ግቢ ውስጥ፣ ጣሪያ በሌለው፣ የሰፈሩ ጭስ እንዲገባልን። አምስት ሳምንት ቀርቶታል። ሁለቱንም አዘጋጅቻለሁ፣ በአንዱ ልጆቹ ገብተው ይይዟታል፣ በሌላው ማንም አይነካትም፣ እጇ ደክሞት እስኪቆም 64 ቆጠራ እንጠብቃለን። ስትያዝ ሳያት ደስ ይለኛል፣ ግን ውሸት ይመስለኛል፣ ምክንያቱም አንቺን ማንም አልያዘሽም። ሳትያዝ ሳያት ደግሞ እንደገና ቆሜ የማይሽ ይመስለኛል። ለኔ አይደለም ይሄን መወሰን። ይያዟት ወይስ ይተዉአት? ወይ ደግሞ ጭራሽ አውጪው ካልሽ አወጣዋለሁ፣ አንድም ቃል አልናገርሽም፣ እዚያ ቦታ ላይ መብራቱ ባዶውን ይብራ።

ሰኞና ሐሙስ ነው የምንለማመደው። ከማታ 3 ሰዓት በኋላ በኛ አቆጣጠር ስልኬ እጄ ላይ ነው። ልትቆጪኝም ከሆነ ደውዪና ተቆጪኝ፣ አነሳዋለሁ።