እማዬ፣ ጋቢውን በሳፋ አትጠቢው

እማዬ፣

እንደምን አለሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ፤ እዚህ ፍራንክፈርት ብርዱ ጀምሯል።

ባለፈው በስልክ ስለ ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ «አረፋ የለውም፣ አላጸዳልኝም» ስትይኝ ወደ ሥራ ስለቸኮልኩ በደንብ አልመለስኩልሽም። በኋላ እህቴ ኦሞውን በኩባያ እየሞላሽ እንደምትጨምሪ፣ ጋቢውን ደግሞ ዛሬም በሳፋ እንደምታሺ ነገረችኝ። ያሳሰበኝ ጋቢው ነው። ልጅ ሆኜ አንዱን ጫፍ እኔ፣ ሌላውን አንቺ ይዘን እንጠመዝዘው ነበር። አሁን ማን ይይዝልሻል? ውሃ የጠጣ ጋቢ ብቻሽን ስትጨምቂ ወገብሽ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ።

አረፋ ካላየሽ ልብስ ጠራ አትይም። አያቴም በእንዶድ ስታጥብ አረፋውን ነበር የምታየው። ለሳፋ ልክ ናችሁ። ይሄ ማሽን ግን የሚያጥበው በትንሽ ውሃ ነው። በርሜሉ ሲዞር ልብሱን ወደ ላይ ያነሳና ይለቀዋል። ዱብ፣ ዱብ ሲል ቆሻሻው ይለቃል፤ ወንዝ ዳር ድንጋይ ላይ እንደሚመታ ልብስ ማለት ነው። አረፋ ሲበዛ እንደ ፍራሽ ሆኖ ይቀበለዋል፣ ምቱ ይጠፋል። ሳሙናውም ከልብሱ ተለቅልቆ አይወጣም። እኔም እዚህ መጀመሪያ ሰሞን ሳሙና አብዝቼ፣ ጥቁር ሹራቤ ነጭ ነጭ እየሆነ ይወጣብኝ ነበር። ስለዚህ የእጅ እጥበቱን ኦሞ ተይው። «ለአውቶማቲክ» የሚል የተጻፈበትን ግዢና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ብቻ ጨምሪ።

ማሽኑ 6 ኪሎ ይይዛል የተባለው የደረቅ ልብስ ሚዛን ነው። አትጠቅጥቂው፤ ከልብሱ በላይ መዳፍሽ መግባት አለበት። ጋቢውን ከጂንስ ጋር አታስገቢው። ብቻውን ከሆነ ደግሞ አንድ ጎን ላይ ይጠቀለልና ሲጨምቅ ማሽኑን ያንገጫግጨዋል፤ ሁለት ነጭ ፎጣ ጨምሪለት። ሙቀቱን 30 ላይ አድርጊው። ነጠላሽን የትራስ ልብስ ውስጥ ከተሽ አፉን እሰሪው፣ ዘርፉ አይተበተብም። አዲስ ጥለት ያለው ከሆነ ግን መጀመሪያ ጫፉን በነጭ እርጥብ ጨርቅ አሽተሽ እዪው፤ ቀለም ከለቀቀ ለብቻው ይታጠብ።

ስትጨርሺ በሩ ላይ ያለውን ላስቲክ እጥፋቱን ገልጠሽ አድርቂው፣ በሩንም ገርበብ አድርገሽ ተይው። ያ የነገርሽኝ ሽታ የሚመጣው እርጥበቱ ታፍኖ ሲያድር ነው። መብራት ከሄደ ሶኬቱን ንቀይ። በሩ ወዲያው እንቢ ካለሽ አትታገይው፣ ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሺ በቪዲዮ እደውላለሁ። ጋቢውን እስከዚያ አትንኪው፣ አብረን እናስገባዋለን። ፎጣዎቹን ብቻ አዘጋጅተሽ ጠብቂኝ።

ልጅሽ