ስለ እንቅልፍ ማሽኑ

ይድረስ ለአባባ፣ ደብረ ማርቆስ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

ወንድሜ ከአሜሪካ ልላክልዎ ያለውን የእንቅልፍ ማሽን ነገር አጣሪልኝ ብለውኝ ነበር። ስልኩ እየተቆራረጠ ስላስቸገረን በደብዳቤ ይሻላል አልሁ።

ማሽኑ ኪስ የሚገባ ትንሽ ነገር ነው። በባትሪ ይሠራል። ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉት፤ ጫፋቸውን እንደ ጉትቻ ጆሮ ላይ ይቆነጥጡታል። ከዚያ በጣም ደካማ ኤሌክትሪክ፣ ከ1 ሚሊአምፔር በታች፣ በጭንቅላት በኩል ያልፋል። ሕመም የለውም። ቢበዛ ጆሮን ነዘር ያደርጋል፤ አንዳንዱን ሰው ራሱን ያመዋል ወይም ያዞረዋል። ሐሳቡም አዲስ አይደለም። ሶቪየቶች ድሮ «የኤሌክትሪክ እንቅልፍ» ይሉት ነበር። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው በሐኪም ትእዛዝ ነው። ልባቸው ላይ ባትሪ ለተተከለላቸው አይሆንም፤ እርስዎ እሱስ የለብዎትም።

ይሠራል ወይ? ስለሱ የተደረጉት ጥናቶች አብዛኞቹ ትንንሽ ናቸው፤ ውጤታቸውም አይገጥምም። አንዱ ተኛሁ ይላል፣ ሌላው ሽቦውን ጆሮው ላይ እንዳደረገ ዐይኑ ፈጦ ያድራል። ዋጋውም የዋዛ አይደለም። ቢበላሽስ ማርቆስ ላይ ማን ይጠግነዋል?

እኔን የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። የሒሳብ አስተማሪ ነበሩና አብረን እንደምረው። ማታ 2 ሰዓት ይተኛሉ፤ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ብለው ይነሣሉ። ስድስት ሰዓት ተኝተዋል እኮ! ከምሳ በኋላ በረንዳው ላይ ጋቢዎን ተከናንበው የሚወስድዎን ይጨምሩበት። እንቅልፉ አልጠፋም አባባ፤ ቀድመው ጨርሰውት ነው። 11 ሰዓት ላይ ደግሞ ቡናው ይፈላል፣ በረካ ሳይጠጣ ማን ይነሣል? የቡና ኃይል እኮ ከአምስት ስድስት ሰዓት በኋላም ግማሹ ሰውነት ውስጥ ነው።

የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ማኅበር በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ለቆየ እንቅልፍ ማጣት ከክኒን በፊት የአስተኛኘትን ልማድና ሐሳብን የሚያስተካክል ሕክምና ይቅደም ብሏል። ስለዚህ እስቲ እንዲህ ያድርጉልኝ። እንቅልፍዎ ሳይመጣ፣ ከ4 ሰዓትም በፊት አልጋ ላይ አይውጡ። ከነቁና እንቅልፉ አልመለስ ካለ እየተገላበጡ አይጨነቁ፤ ተነሥተው ዳዊትዎን ይድገሙ፣ ሲያንጎላጅዎ ይመለሱ። ሌሊቱ ክፉም ሆነ ደግ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይነሡ። 10 ሰዓት ላይ ቢነቁም ለኪዳን ይደርሳሉ። የቀኑ እንቅልፍ ይቅር። መጀመሪያ ሰሞን ድካም ይኖረዋል፤ አይጠራጠሩ።

የግፊት ክኒንዎ ሽንት የሚያበዛው ዓይነት ከሆነ ማታ መዋጡ ራሱ ይቀሰቅስዎታል። ጠዋት ይሁን ወይ ብለው ሐኪሙን ይጠይቁ፤ በራስዎ ግን አይለውጡት። እማዬ «ሲያንኮራፋ ትንፋሹ ቀጥ ይላል» ያለችውንም ሳይደብቁ ይንገሩት። የትንፋሽ መቆሙ የራሱ ሕክምና አለው፤ በጆሮ ሽቦ የሚሆን አይደለም።

ወንድሜን ትንሽ ቆይ ብየዋለሁ። ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነና ሐኪሙም ካልከለከለ ማሽኑን እኔው ይዤልዎት እመጣለሁ።

እማዬን ሳሙልኝ። የ11 ሰዓቱን ቡና ወደ ጠዋት እንድታዞረው ለብቻዋ እጽፍላታለሁ፤ እሷን ማሳመኑ ነው የሚከብደው።

ልጅዎ፣ ከአዲስ አበባ