ቆጵሮስ፦ 30 በመቶው ወንበር እንጂ ሕዝብ አልነበረም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ቆጵሮስ ባወጣችሁት ጽሑፍ ውስጥ በ1960 ነጻነት ሲታወጅ «ከደሴቲቱ ሕዝብ 30 በመቶው ቱርክ ነበር» የሚል ዐረፍተ ነገር አለ። ስሕተት ነው። በዚያው ዓመት በተደረገው ቆጠራ ከ573,566 ነዋሪ 442,138ቱ ግሪክ ቆጵሮሳውያን፣ 104,320ው ደግሞ ቱርክ ቆጵሮሳውያን ነበሩ፤ 77 እና 18 በመቶ ገደማ ማለት ነው። የተረፉት አርመኖች፣ ማሮናውያን (የምሥራቅ ካቶሊክ ክርስቲያኖች)፣ ላቲኖች፣ እንግሊዞችና ሌሎች ናቸው። 30 በመቶው የምክር ቤት ወንበርና የመንግሥት ሥራ ድርሻ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ እናንተው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ይህን የምለው ቁጥር ለማረም ብቻ አይደለም። ጽሑፉ የመከፋፈሉን ጥፋት ሁሉ በቋንቋ ላይ ይደፈድፈዋል። የ1960ውን ሕገ መንግሥት ገልጦ ላየ ግን ቋንቋን የሚመለከተው አንቀጽ 3 ከሌላው ሁሉ የተሻለ ቀና ነው። ግሪክኛና ቱርክኛ እኩል የመንግሥት ቋንቋ ናቸው፤ ሕግና ደንብ በሁለቱም ይወጣል፤ ማንም ሰው ለባለሥልጣን በፈለገው ቋንቋ ማመልከት ይችላል፤ ተከራካሪዎቹ ሁለቱም ግሪክ ከሆኑ ችሎቱ በግሪክኛ፣ ቱርክ ከሆኑ በቱርክኛ፣ ከተቀላቀሉ በሁለቱም ይካሄዳል። እንዲያውም ፍርድ ቤቶቹ እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ ድረስ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ሲሠሩ ስለነበር በዚህ በኩል ብዙም አልተጋጩም።

ያጣላቸው የቁጥሩ ክፍፍል ነው። ምክር ቤቱ 50 ወንበር ነበረው፦ 35 ለግሪኮች፣ 15 ለቱርኮች። የመንግሥት ሠራተኛ 70 ለ 30፣ ሊቋቋም የታሰበው የ2,000 ሰው ጦር ደግሞ 60 ለ 40። አናሳውን ለመጠበቅ ታስቦ ነው፤ ግን 18 በመቶው 30 እና 40 ሲያገኝ ብዙኃኑ ተበደልሁ አለ፣ አናሳው ደግሞ የተጻፈልኝ አልተሰጠኝም አለ። በዚህ ላይ አንቀጽ 78 ይጨመራል። የግብር፣ የምርጫና የማዘጋጃ ቤት ሕግ የሚጸድቀው የሁለቱም ማኅበረሰብ እንደራሴዎች ለየብቻ በአብላጫ ድምፅ ሲደግፉት ነው። ሁሉም ከተገኙ ከ15ቱ ስምንቱ «አይሆንም» ካሉ የቀሩት 42 ሰዎች ምንም ማድረግ አይችሉም።

የሆነውም ይኸው ነው። በ1961 የግብር ሕጉ ወደቀ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ቱርክ ቆጵሮሳዊው ምክትል ፕሬዚዳንት ፋዚል ኩቹክ ወታደሩ በየክፍሉ ተቀላቅሎ እንዲደራጅ የቀረበውን ሐሳብ ውድቅ አደረጉት፤ ጦሩም ሳይቋቋም ቀረ። በአምስቱ ትልልቅ ከተሞች ለየብቻ ማዘጋጃ ቤት እንዲኖር የሚያዘው አንቀጽ 173 የባሰ ጣጣ አመጣ። በአንድ ከተማ ውስጥ የአንዱ ማዘጋጃ ቤት ወሰን የት ያልቃል? ግብሩን ማን ይሰበስባል? አልተስማሙም። ጊዜያዊው ሕግ በ1962 መጨረሻ ሲያበቃ ሁለቱም ወገን በየፊናው ውሳኔ አሳለፈ፤ የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት በሚያዝያ 1963 የሁለቱንም ሻረው። የፍርድ ቤቱ ገለልተኛ ፕሬዚዳንት፣ ጀርመናዊው ኤርንስት ፎርስትሆፍ፣ ብዙ ሳይቆዩ ሥራቸውን ለቀቁ። ግሪክ ቆጵሮሳዊው የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ማካርዮስ በኅዳር 1963 ባቀረቡት የ13 ነጥብ ማሻሻያ ውስጥ የሠራተኛው ድርሻ ከሕዝቡ ቁጥር ጋር ይመጣጠን የሚል ነበረበት። ከሦስት ሳምንት በኋላ በዋና ከተማዋ በኒኮሲያ በሁለቱ ማኅበረሰቦች መካከል ደም ፈሰሰ።

ጽሑፋችሁ ያለፈው ሌላም ነገር አለ። አንቀጽ 2 እያንዳንዱን ዜጋ ከሁለቱ በአንዱ ሣጥን ውስጥ ይከታል። ከሁለቱም ያልሆነ በሦስት ወር ውስጥ አንዱን ይመርጣል፤ ከጥንት ጀምሮ የራሳቸው ዓይነት ዐረብኛ የሚናገሩት የኮርማኪቲ መንደር ማሮናውያን «ግሪክ» የተባሉት እንዲህ ነው። ያገባች ሴት የባሏን ማኅበረሰብ፣ ከ21 ዓመት በታች ያለ ያላገባ ልጅ ያባቱን ይይዛል። በሁለቱም ቋንቋ የሚነግድ፣ የሚያማ፣ የሚጋባ መንደርተኛ መዝገቡ ላይ ግማሽ መሆን አይችልም።

አሁን ወደ ሰሜኑ ቁጥር እንምጣ። ከ1974ቱ የቱርክ ጦር መግባት ወዲህ ደሴቲቱ ሰሜኑ በቱርክ ቆጵሮሳውያን፣ ደቡቡ በግሪክ ቆጵሮሳውያን እጅ ሆኖ ተከፍላለች፤ ሁለቱ ወገንም ለየብቻ ይቆጥራል። የሰሜኑ አስተዳደር በ2011 ባካሄደው ቆጠራ 286,257 ቋሚ ነዋሪ አለኝ ብሏል፤ ከነዚህ ከ100 ሺህ የሚበልጡት በቱርክ የተወለዱ ናቸው። ጽሑፋችሁ እነዚህን በሙሉ «ሰፋሪ» ይላቸዋል። ቁጥሩ ግን በሁለቱም በኩል ያሳስታል፦ በቱርክ ከተወለዱት ውስጥ ነገ የሚመለስ ተማሪና ሠራተኛ አለ፤ የሰፋሪ ልጅ በደሴቲቱ ከተወለደ ደግሞ «ቆጵሮስ የተወለደ» በሚለው ዓምድ ይገባል። ለዚህ ነው ደሴቲቱን ለማዋሐድ በሚደረገው ድርድር ላይ ማን ዜጋ ይሆናል የሚለው በዝርዝር የሚነሣው። የ2004ቱ የተባበሩት መንግሥታት የአናን ዕቅድ በሰሜኑ በተጨማሪ ዜጋ ለሚሆኑ የ45 ሺህ ሰው ጣሪያ አስቀምጦ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በተደረገው ድርድር የተነሣው አራት ግሪክ ለአንድ ቱርክ የሚለው ሒሳብ ደግሞ ከ1960ው ምጥጥን ብዙ አይርቅም።

ቱርክኛስ? የቆጵሮስን አንድ ዩሮ ሳንቲም ገልብጣችሁ እዩ፤ ከጥንቱ የፖሞስ የድንጋይ ምስል ጋር የአገሪቱ ስም በግሪክኛም በቱርክኛም («ኪብሪስ») ተጽፏል። ሳንቲሙ ላይ ያለው ቋንቋ ግን ብራስልስ ውስጥ የለም፤ ከአውሮፓ ኅብረት 24 ይፋዊ ቋንቋዎች አንዱ አይደለም። ፕሬዚዳንት አናስታሲያዲስ በ2016 እንዲጨመር ጠይቀው ነበር፤ የሁሉንም አባል አገሮች ስምምነት ይፈልጋል። በኒኮሲያም ከ1964 ወዲህ ሕግ የሚወጣው በተግባር በግሪክኛ ነው።

በመንግሥቱ (በግሪክ ቆጵሮሳውያን) ይዞታ ባለው የኒኮሲያ ክፍል የሚኖር አንድ ቱርክ ቆጵሮሳዊ በመራጮች መዝገብ ልግባ ብሎ «የአንተ መዝገብ ሌላ ነው» ተባለ፤ ያ ሌላ መዝገብ ደግሞ የለም። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ2004 ፈረደለት፤ ሕጉም በ2006 ተስተካክሎ እዚያ የሚኖሩ ቱርክ ቆጵሮሳውያን መምረጥ ጀመሩ። ምክር ቤቱ በ1985 ወደ 80 ወንበር ሲሰፋ ለቱርክ ቆጵሮሳውያን የተመደበው 24 ነው፤ ያው 30 በመቶ። እስካሁን ባዶ ነው፤ ሥራው የሚሠራው በ56 ሰው ነው።

ማረሚያ የምታወጡ ከሆነ «30 በመቶ ሕዝብ» የሚለውን «18 በመቶ» በሉት፤ የሰሜኑን ቁጥር ስትጠቅሱም የማን ቆጠራ እንደሆነና ዓመቱን አብራችሁ ጻፉ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ