ለእጮኛ የመንገር ዕዳ የለባትም

ክቡር አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ በልጅነቷ መደፈሯን ለእጮኛዋ ትንገረው አትንገረው የጨነቃት አንባቢ ስትጠይቅ፣ ሳትነግረው ብታገባው እንዳታለለችው ይቆጠራል ተብሎ የተሰጣት መልስ አላረካኝም። እኔም ሽማግሌ ሊላክ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ልናገር ቆርጬ ሄጄ፣ ቡናው ፊቴ እስኪቀዘቅዝ ስኒውን ሳዞር አምሽቼ ምንም ሳልል ተመልሻለሁ። የነገርኩት ከተጋባን በሦስተኛው ዓመት፣ መብራት በጠፋበት ምሽት፣ ፊቱን በማላይበት ሰዓት ነው። በመጀመሪያ «ማን ነው?» አለኝ፤ ስሙን መናገር እንደማልፈልግ ስነግረው ግን ደግሞ አልጠየቀኝም። ቀድሜ ላንዲት ነርስ ጓደኛዬ ባላወጋው ኖሮ፣ ያን ምሽትም ቃሉ ከአፌ የሚወጣ አይመስለኝም።

ማታለል ነው ለሚሉት፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ጋብቻን ለሚያፈርስ መሠረታዊ ስህተት በዘረዘራቸው ምሳሌዎች ውስጥ የሙሽራዋ ድንግልና የለም። የወንጀል ሕጉም ቢሆን የሚጠይቀው ደፋሪውን እንጂ ተደፋሪዋን አይደለም።

ለጠያቂዋ እህቴ የምላት አንድ ነገር ነው፦ ከመናገርሽ በፊት፣ ስለ ተደፈረች ልጅ በሬዲዮ ሲወራ እጮኛሽ ምን እንደሚል አድምጪው። «እሷስ በዚያ ሰዓት ምን ልትሠራ ወጣች?» ካለ፣ ምሥጢርሽን ለጊዜው ከእሱ አርቂው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ