ዕጩውን ከሹመቱ በፊት እንወቀው

ለአዘጋጁ፦

ስለ ከፍተኛ ሹመቶች ውዝግብ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ጭቅጭቁ ሁሉ በሰዎቹ ማንነት ላይ ነው። ለእኔ ግን ዋናው ችግር አሿሿሙ ነው።

ጥር 9 ቀን 2015 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ፕሬዚዳንትና ምክትላቸውን መልቀቂያ ተቀብሎ በዚያው ቀን ተተኪዎቻቸውን ሾመ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 81 መሠረት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያቀርባሉ፣ ምክር ቤቱ ይሾማል። ሕጉ ተከብሯል። ግን አንድ የምክር ቤት አባል በአንድ ስብሰባ ውስጥ ስለ ዕጩው ምን አጣርቶ ነው እጁን የሚያወጣው?

አገራዊ የምክክር ኮሚሽኑ በ2014 ሲቋቋም የተሻለ ነገር አይተን ነበር፤ ሕዝቡ ጠቆመ፣ የ42 ዕጩዎች ስም ይፋ ሆነ፣ ከዚያም 11 ኮሚሽነሮች ተሾሙ። ያም ሆኖ የፖለቲካ ፓርቲዎች የጋራ ምክር ቤት ሒደቱ ይቁም ብሎ ነበር፤ ምክንያቱም ስም ብቻ ማውጣት አይበቃም፣ ሰው የተመረጠበት መስፈርት ካልታወቀ የተሾመው ሰው ምንም ያህል ብቁ ቢሆን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በጥርጣሬ ዓይን ይታያል። ይህ ለተሿሚውም ግፍ ነው።

ስለዚህ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የአሠራር ደንቡን ያሻሽል። የዕጩው ስም፣ የሥራ ታሪክና የተመረጠበት ምክንያት ከድምፅ መስጫው 15 ቀን በፊት ይውጣ። የሕግና ፍትሕ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴም ዕጩውን በቴሌቪዥን በቀጥታ በሚተላለፍ ስብሰባ ይጠይቀው።

አንድ አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ