ሁለቱም ልኬቶችሽ ትክክል ናቸው

ውድ ልጄ፣

መልእክትሽን ሁለቴ አነበብኩት። ክሪስታልሽ በኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ የሚያባክነው ኃይል ጫፍ በ1 ኪሎ ኸርዝ ስትለኪ አንድ ሙቀት ላይ፣ በ100 ኪሎ ኸርዝ ስትለኪ ደግሞ ከፍ ያለ ሙቀት ላይ ወጣብሽ። "ናሙናው ተበላሽቶ ይሆን?" ብለሽ ሌሊቱን ሙሉ ሽቦ ስትፈቺ፣ ስታስሪ ማደርሽ አሳዘነኝ። ናሙናው ምንም አልሆነም።

መስኩ ሲገለባበጥ በክሪስታሉ ውስጥ ያሉት ዳይፖሎች፣ ማለትም አንድ ጫፋቸው ፖዘቲቭ ሌላው ኔጋቲቭ የሆኑት ጥቃቅን ጥንዶች፣ አብረውት ለመዞር ይሞክራሉ። ለመዞር ግን ጊዜ ይፈልጋሉ፤ ሙቀቱ ሲወርድ ደግሞ ጊዜው ይረዝማል። በሴኮንድ 100,000 ጊዜ የሚመላለሰው መስክ ቶሎ ጥሏቸው ይሄዳል። 1,000 ጊዜ ብቻ የሚመላለሰው ግን እስኪደርሱበት ይታገሣል። እሱንም መከተል የሚያቅታቸው ሙቀቱ ይበልጥ ሲወርድ ነው፤ ጫፉም የሚወጣው መከተል በሚያቅታቸው ሙቀት አካባቢ ነው። ስለዚህ "ዳይፖሎቹ በስንት ኬልቪን ረጉ?" ብለሽ ስትጠይቂኝ፣ እኔም "በየትኛው ፍሪኩዌንሲ?" ብዬ እጠይቅሻለሁ።

የጫፉ ስፋት ግን ሌላ ነገር ነው። እኔ ይህን ክሪስታል የምወደውም ለዚህ ነው። የሳይንስ ሊቁ ፒተር ዴባይ የዚህን መዘግየት ቀመር ሲያወጣ ዳይፖሎቹ ሁሉ የሚዞሩበት ጊዜ አንድ ነው ብሎ ነው የተነሣው። ለውሃ ይህ በጣም ይቀርባል፤ ላንቺ ክሪስታል ግን አይሠራም። ንጹሕ ሩቢዲየም ዳይሃይድሮጅን ፎስፌት 147 ኬልቪን አካባቢ ሲደርስ ዳይፖሎቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሰለፋሉ። በሩቢዲየሙ ቦታ ሙሉ በሙሉ አሞኒየም ሲገባ ደግሞ 148 ኬልቪን አካባቢ ላይ እርስ በርስ በተቃራኒ አቅጣጫ ይሰለፋሉ። አንቺ ጋ ያለው የሁለቱ ቅልቅል ነው። አንዱ ጎረቤት ወዲህ ይስባል፣ ሌላው ወዲያ። የዳይፖሎቹን አቅጣጫ የሚወስኑት ፕሮቶኖች (የሃይድሮጅን እምብርቶች) ለማን ይታዘዙ? ሰልፍ ሳይዙ ባሉበት ይረጋሉ። ያውም አተሞቹ በክሪስታሉ ውስጥ ሥርዓታቸውን እንደጠበቁ! አንዱ ፕሮቶን ቶሎ ይዘላል፣ ሌላው ይዘገያል። ጫፉን የሚያሰፋውም ይኸው ነው።

እኔም በወጣትነቴ እንዲህ ያለ ሰፊ ጫፍ አይቼ ጥፋቱን በኤሌክትሮዱ አሳብቤ፣ ደህና ክሪስታል ጥያለሁ። እስካሁን ይቆጨኛል። አንቺ እንዳትጥዪው።

አሁን ከ100 ኸርዝ እስከ 1 ሜጋ ኸርዝ ለኪ። በየሙቀቱ ናሙናው እስኪረጋጋ ጠብቂ፣ አትቸኩዪ። ከዚያ ዳይፖሎቹ ለመዞር የሚፈጅባቸውን ጊዜ ሎጋሪዝም ከሙቀቱ ግልባጭ (አንድ ሲካፈል ለኬልቪኑ) ጋር በግራፍ አስቀምጪ። መስመሩ ቀጥ ካለ የአሬኒየስ ቀመር ይበቃሻል፤ ከታጠፈ ግን የቮግል-ፉልቸርን ቀመር ሞክሪ። መታጠፍ የጀመረው የት ላይ እንደሆነ ጻፊልኝ።

እናትሽ