የታሪክ ክበብ ዘገባ፦ «ለምን በእናት?»

ዘንድሮ የታሪክ ክበባችን የያዘው ርዕስ አንድ ብቻ ነው፤ ባርነት በአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች እንዴት ሥር ሰደደ? «የአማርኛ ትምህርት ቤት ሆናችሁ ይሄ ምን ያደርግላችኋል?» ያሉን ወላጆች አሉ። ልጆቹ የሚያድጉት እዚሁ ቨርጂኒያ ነው፤ ነገሩም የተጀመረው እዚሁ ነው። የተከራከሩት ደግሞ በአማርኛ ነው። ከዚህ የተሻለ የአማርኛ ልምምድ ካለ ይንገሩኝ።

በመስከረም ስንጀምር 14 ነበርን። የኳስ ወቅት ሲመጣ 9 ቀረን። የቅዳሜ ስብሰባዎቹን አልዘረዝርም፤ አነበብን፣ ካርታ ሣልን፣ ተጨቃጨቅን። ሁለት ስብሰባ በበረዶ ምክንያት ቀረብን። ፕሮጀክተሩ ከጥር ጀምሮ አይሠራም። የኳስ ክበቡ በአንድ ዓመት ሁለት ዓይነት ማሊያ ማግኘቱን የማነሣው በቅናት አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ቅናት አለበት።

ልጆቹን የገረማቸው ባርነቱ ባንድ ጀንበር አለመምጣቱ ነው። (ዓመታቱ በፈረንጅ ናቸው።) በ1619 ከአንጎላ የተጫኑ 20 ያህል ሰዎች እዚህ ሲደርሱ፣ ትምባሆ እርሻው ላይ የሚለፉት ባብዛኛው የእንግሊዝ ድሆች ነበሩ። የመርከብ ዋጋቸውን ከ4 እስከ 7 ዓመት በጉልበት ከፍለው ይለቀቃሉ። ላስመጣቸው ሰው ደግሞ በነፍስ ወከፍ 50 ኤከር መሬት ይሰጠዋል። አንዱ ተማሪ «ስፖንሰር ማድረግ ነዋ!» ሲል ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

በ1640 ሦስት አገልጋዮች አብረው ጠፍተው ተያዙ። በሁለቱ ነጮች ላይ 4 ዓመት ተጨመረ። በጥቁሩ በጆን ፓንች ላይ ዕድሜ ልክ ተፈረደ። ያኔ የሳቀ የለም።

ከዚያ በኋላ ከእንግሊዝ የሚመጣው ድሃ ቀነሰ፤ ትምባሆው ግን ሰው ይፈልጋል። በ1676 ጥቁርና ነጭ ድሆች አብረው አምፀው ጄምስታውን ሲቃጠል ባለመሬቶቹ ደንግጠው ወደ ባሪያ ዞሩ የሚሉም አሉ። ክበቡ በዚህ ለሁለት ተከፈለ። እኔ የሠራተኛ እጥረቱ ያመዝናል ባይ ነኝ። በ1698 የባሪያ ንግዱ ከአንድ ኩባንያ እጅ ወጣና መርከቦቹ በዙ። ካሮላይና ላይ ሩዝ ተጨመረ። አሜሪካ ነፃነቷን ስታውጅ ከ5 ሰው አንዱ ባሪያ ነበር።

በግንቦት በሁለት የወላጅ ቫን ወደ ሃምፕተን ወረድን፤ ፎርት ሞንሮ ወደሚባለው ምሽግ። የ1619ኙ መርከብ የደረሰው እዚያ ነው። መንገዱን ታውቁታላችሁ፣ ተጨናንቆ ነበር። አንዲት እናት በፎይል ጠቅልለው የላኩትን ፍርፍር ሣሩ ላይ በላን። ወንዶቹ ምሽጉን ወደከበበው ውሃ ጠጠር ይወረውራሉ። አንዲት የ11 ዓመት ልጅ ደብተሯን ይዛ መጣች። የ1662ቱን ሕግ ጽፋለች፤ ልጅ ባሪያ ወይም ነፃ የሚባለው በእናቱ ነው ይላል።

«ቲቸር፣ እኛ በአባታችን ነው የምንጠራው። እንግሊዞቹም እንደዛ ናቸው። ታዲያ ይሄን ለምን በእናት አሉ?»

መልሱን አውቀዋለሁ። ለ11 ዓመት ልጅ እንዴት እንደሚነገር ነው ያላወቅሁት። «አባትየው አንዳንዴ ጌታው ራሱ ስለሚሆን...» ብዬ ጀመርኩ።

«ስለዚህ የራሱን ልጅ መሸጥ ይችላል?»

«ይችላል።»

ደብተሯን ዘጋች። እስከ ሪችመንድ ድረስ ቃል አልተነፈሰችም። እኔም አላናገርኳት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ገና ሳንቀመጥ «በኛ አገርስ ነበር?» አለችኝ። ነበር። ፈጽሞ በአዋጅ የተከለከለው በኛ አቆጣጠር በ1934 ነው። ከልጆቹ ግማሹ አላመነኝም፤ ቤት ሄደው አያቶቻቸውን ጠየቁ። ሁለት ወላጆችም ደወሉልኝ፤ አንደኛው ለማመስገን አልነበረም።

የከርሞ ርዕሳችን ይኸው ሆኗል። የሚሠራ ፕሮጀክተርና የሁለት ቫን ነዳጅ ያስፈልገናል። መመዝገቢያው ቢሮው በር ላይ፣ ከኳስ ክበቡ ፎቶ ሥር ተለጥፏል።